አንገቴ የመሰከረለት ኮሌጅ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም። እስከ ዛሬ የጻፍኩት ረጅሙ ነገር «መብራት ስለጠፋ ኮፒ የለም» የሚል ማስታወቂያ ነው፤ እሱንም አጎቴ አንድ ጊዜ አርሞት፣ ቀጥሎ ራሱ ያረመውን መልሶ አርሞት፣ ልንለጥፈው ስንል መብራቱ መጣ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ እዚህ ውስጥ ስህተት ያገኘ አንባቢ ለራሱ ያስቀምጠው፤ እኔ መልሼ አልቀበልም።

የምሠራው ሰመራ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የአጎቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ በእጄ ያልፋል፤ የክስ ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የግመል መሸጫ ውል፣ የዕድሜ ማስረጃ። አንድ ሰውዬ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የተለያየ ዕድሜ ኮፒ አስደርጎኛል፤ ሁለቱም ማኅተም ነበራቸው። የሰው ጽሑፍ ስታባዛ የምትውል ሴት የራሷን ለመጻፍ አትቸኩልም። እኔን ያጻፈኝ አንገቴ ነው።

ዓይነ አፋር ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ አፌ ቃል እየፈለገ ሳለ አንገቴ መልሶ ይጨርሳል። ሻይ ትጠጫለሽ? ነቅነቅ። ኮፒው አለቀ? ነቅነቅ። አንድ ቀን ሎጊያ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴትዮ «የመሬም ልጅ ነሽ አይደል?» አለችኝ። መሬም የምትባል ሴት አላውቅም። ነቀነቅሁ። ሴትዮዋ አቅፋ ሳመችኝ፤ የማላውቃቸው አያቴ መታመማቸውን ነገረችኝ፤ አለቀሰች፤ አብሬያት አለቀስኩ፤ ለአያቴ ብላ አንድ ኪሎ ቲማቲም አስያዘችኝ። ቲማቲሙን ይዤ ቤት ስገባ እናቴ «ይሄ ከየት መጣ?» አለች። ምን ልበላት? ነቀነቅሁ።

እንግዲህ ይህ አንገት ነው ለአንድ ኮሌጅ የመሰከረው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ሰመራ ውስጥ ኮሌጅ እንደ ሐብሐብ በመኪና ተጭኖ፣ በድምፅ ማጉያ እየተጠራ ይሸጣል። ወረቀቱ በየሻይ ቤቱ ይበተናል። ወላጅ ወረቀቱን ሰብስቦ ወደ እኛ ይመጣል። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ፎቶ ኮፒ ማሽን ያለበት ቤት ዕውቀትም ያለበት ይመስለዋል። መጀመሪያ የመጣችው አንዲት የዱብቲ ሴት ነበረች። ለልጇ የተሰጡትን ሁለት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «እህቴ፣ የቱ ይረክሳል?» አለችኝ። ነቀነቅሁ። «ኧረ የቱ ነው ያልኩሽ!» አለች። አንገት «የቱ» ለሚባል ጥያቄ መልስ እንደሌለው ያን ቀን አወቅሁ። ተገድጄ አነበብኩላት።

ስለ ኮሌጅ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ስለ ሽንኩርት ግን አውቃለሁ። እናቴ ከወሎ መጥታ ሎጊያ ከሰፈረች ጀምሮ ሽንኩርት ትነግዳለች። የሽንኩርት ዋጋ ማሳው ላይ ጠይቃ አታውቅም። «ደጄ እስኪገባ ስንት ነው?» ነው የምትለው። ጆንያው፣ ጫኙ፣ አውራጁ፣ መንገድ ላይ የሚበሰብሰው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። እኔም ሴትዮዋን «ልጅሽ ጋዋን ለብሶ ፎቶ እስኪነሳ ስንት ነው? እሱን እንቁጠር» አልኳት። መመዝገቢያውን፣ የቤት ኪራዩን፣ ደብተሩን፣ ለበዓል መመላለሻውን ቆጠርን። ርካሹ ውድ፣ ውዱ ርካሽ ሆኖ ወጣ። ሴትዮዋ ዱብቲ ገብታ ተናገረች። በሳምንቱ ደጃፋችን ላይ ወላጅ ተሰለፈ። አጎቴ ግማሾቹ ምንም ኮፒ እንደማያስደርጉ እስኪያውቅ ድረስ በጣም ደስተኛ ነበር።

ሰኞ ዕለት ባለ ከረባቱ መጣ።

ስሙን አልጽፍም፤ በዚያ ሙቀት ሰመራ ውስጥ ኮትና ከረባት ያደረገ ሰው እሱ ብቻ ስለነበረ ስም አያስፈልገውም። አዋሽ ከተማ ለተከፈተ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ ተማሪ መዝጋቢ ነው። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል፤ ከረባቱን ግን አላላላም። በዚህ በኩል አከብረዋለሁ። አንድ ባለ ቀለም ወረቀት አውጥቶ «ሦስት መቶ ኮፒ፤ ፊቱን ብቻ» አለ። አጎቴ ሦስት መቶ የሚለውን ሲሰማ ወንበር አቀረበለት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣለት፣ ማራገቢያውን ከእኔ ወደ እሱ አዞረው። ወረቀቱ ላይ «መቶ በመቶ ነፃ የትምህርት ዕድል» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ በአበባ የተከበበ የተማሪዎች መኝታ ቤት ፎቶ አለ።

በዚያ ሰዓት አባባ ሁመድም ሱቁ ውስጥ ነበሩ። አባባ ሁመድ ከአሳይታ ወዲያ ከብትና ግመል የሚያረቡ አፋር ሽማግሌ ናቸው፤ ልጃቸው ሐዋ የትምህርት ማስረጃዋን ኮፒ እንድታስደርግ ይዘዋት መጥተዋል። ሐዋ ከዘመዶቿ ሴቶች መሃል አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች የመጀመሪያዋ ናት። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ይህን ሳትናገር ታስታውቃለች፤ ማሽኑ ጣቴን ቆንጥጦኝ ስለነበር ቁስሉን ሳላስፈቅዳት በውሃ አጥባ አሰረችልኝ።

ባለ ከረባቱ ሐዋን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። «አባት፣ ይቺን ልጅ ለእኛ ይስጡን! ሁሉ ነገር ነፃ ነው።»

አባባ ሁመድ ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስተው አዩትና «ኮሌጁ ጥሩ ነው?» አሉ።

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። «የታወቀ ነው እንጂ! አይደለም እህቴ?»

አጎቴ አየኝ። ሐዋ አየችኝ። አባባ ሁመድ አዩኝ።

ነቀነቅሁ። ሁለት ጊዜ።

የመጨረሻው ኮፒ ከማሽኑ እንደወጣ መብራት ጠፋ። ባለ ከረባቱ ሦስት መቶውን ታቅፎ ሄደ፤ እኛም ያቺን ማስታወቂያ በስንት ጊዜዋ ለጠፍናት።

አሁን ስለ ዳጉ መናገር አለብኝ። አፋር መሃል ያልኖረ ሰው ዳጉን ወሬ ይለዋል። ወሬ አይደለም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ቢቸኩሉም ባይቸኩሉም፣ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። ያየኸውን ከሰማኸው ለይተህ ትናገራለህ። ሰማሁ ካልክ ከማን እንደሆነ ትጠየቃለህ። አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ ጆሮ አያገኝም። እኛ ሱቀኞች ዘንድ ግን ነገር ሦስት ሰው ጋ ከደረሰ እጅና እግር ያወጣል፤ ለዚህም ነው ሱቀኛ ሁልጊዜ «እኔ እንደዚያ አላልኩም» ብሎ ማምለጥ የሚችለው። ዳጉ እንዲህ ያለ ማምለጫ የለውም። ማክሰኞ ጠዋት ከአፋምቦ የመጣ አንድ ሰውዬ የሱቁ በር ላይ ቆሞ ትክ ብሎ አየኝ።

«የነቀነቅሽው አንቺ ነሽ?»

ነቀነቅሁ።

«አዎ፣ እንደዚሁ ነው የነገሩን» አለና ሄደ።

ከእሱ ቀጥሎ ሁለት እናቶች ከአሳይታ መጡ። አንደኛዋ «ሁለት ጊዜ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» አለች። እውነት ነው። አንድ እንኳን አልተጨመረበትም፣ አንድ እንኳን አልጎደለበትም! ሰው ቢዋሽብኝ እንዴት ደስ ባለኝ። እስከ ከሰዓት ድረስ አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ መብራት ስለሌለ ኮፒ የሚያስደርግ የለም፣ የሚመጡት አንገቴን ለማየት ነው። ሁሉም ልጃቸውን አዋሽ ሊያስመዘግቡ ነው። እኔ ያን ኮሌጅ በሩቁም አይቼው አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት መብራት መጣ። የማሽኑን ክዳን ሳነሳ የባለ ከረባቱ ዋናው ወረቀት መስታወቱ ላይ ተኝቷል። ኮፒ ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቃል፤ ደንበኛ ኮፒውን ይወስድና ዋናውን ረስቶ ይሄዳል። እኛ ጋ ባለቤት ያጡ አራት የጋብቻ ወረቀቶች አሉ። ወረቀቱ በፊቱ ተደፍቶ ስለነበር ወደ ላይ ያየኝ ጀርባው ነው። ጀርባው ጉንዳን በሚያህል ፊደል ተሞልቷል። አነበብኩት። ነፃ የተባለው የትምህርት ክፍያው ብቻ ነው። መመዝገቢያ፣ ደንብ ልብስ፣ ቤተ ሙከራ፣ የተግባር ልምምድ፣ የምዘና ፈተና፣ ምግብና መኝታ በተማሪው ይሸፈናሉ። በመጨረሻ ደግሞ አንዲት መስመር አለች፤ ተማሪው በአንድ ትምህርት ከወደቀ ወይም ካቋረጠ ነፃ የተባለውን ክፍያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይከፍላል።

ገና ጣቴ መስመሯ ላይ እንዳለ አባባ ሁመድና ሐዋ ገቡ።

«ልጄ፣ የምትታለበውን ግመል ነገ ገበያ አወጣታለሁ» አሉ አባባ ሁመድ። «ለዚያ ሰው መመዝገቢያ እሰጠዋለሁ፤ የቀረው አዋሽ መቀመጫ ይሆናታል። ይሄኛውን ወረቀት ግን ምን ላድርገው?»

ከሽርጣቸው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ነጭ ወረቀት አወጡ። ሐዋ ወደ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መመደቧን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው፤ ደጋ አገር፣ ሩቅ። አበባ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ማኅተሙም ደብዝዟል። ቅዳሜና እሁድ ተገኝታ ካልተመዘገበች ቦታዋ ያልፋል ይላል። በጊዜው የሚያደርሳት አውቶቡስ ከሰመራ የሚነሳው ነገ ነው። ነገ ደግሞ ግመሏ የምትሸጥበት ቀን ነው።

«ሐዋ አላነበበችልዎትም?» አልኩ።

«አነበበች። ግን እሷ መሄድ የምትፈልገው ወደዚያ ሩቁ ነው። የሚፈልግ ሰው ምስክር አይሆንም። አንቺ ኮሌጅ አልገባሽም፣ የምትሸጪው ኮሌጅም የለሽም። ለዚህ ነው አንቺን ያመንኩት።»

እንዲህ ያለ ነገር በአክብሮት ሲነገረኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ወረቀቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ያኛው ነፃ ይላል። ይሄኛው ወጪ መጋራት ይላል፣ ውል ይላል፣ ፈርሚ ይላል። ነፃ እያለ ወጪ የሚፈርም ሰው አለ? ነገ መጥተው ግመሎቼን ቢቆጥሩብኝስ?»

ሐዋ ከኋላቸው ቆማ የሻሿን ጫፍ እያጠነጠነች መሬት መሬት ታያለች። አፌን ከፈትኩ። አጎቴ ከውስጥ አሳለ። የአጎቴ ሳል ትርጉም አለው፤ ባለ ከረባቱ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሆቴል ግቢ ወላጆችን ሰብስቦ ሊመዘግብ ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ ሺህ ኮፒ አዛለሁ ብሎታል። አፌን ዘጋሁት። አፌን ስዘጋ አንገቴ ሊነቃነቅ ሲል ተሰማኝ። ፈራሁ። ወላሂ፣ የራሴን አንገት ፈራሁ።

«አባባ፣ እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት ጊዜ ይስጡኝ» አልኩ። «የነገርኩዎትን አላየሁትም። ላጣራ።»

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። አላየሁትም የሚለው ቃል ከግመሏም በላይ ከበዳቸው። «አጣሪ» ብለው፣ የደብዳቤውን ኮፒ ትተውልኝ ወጡ።

አክስቴ ዘሀራ አዋሽ ከተማ መንገድ ዳር ቁርስ ቤት አላት። ስልክ ስደውልላት መጀመሪያ ማግባት አለማግባቴን ጠየቀች፣ ቀጥላ የእናቴን ጉልበት፣ ቀጥላ የሽንኩርት ዋጋ። ካርዴ ሊያልቅ ሲል ኮሌጁን አነሳሁባት።

«በዓይኔ በብረቱ ሳላይ አልናገርም!» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ሽርጧን ሳትፈታ ወጥታ መሆን አለበት፤ ምሳ ሰዓት ገና ሳያልፍ ደወለች።

«አንቺ ልጅ፣ አየሁት! ታች ጎማ ይለጠፋል፣ ላይ ኮሌጅ ነው። ልጅ ላስመዘግብ ነው ብዬ ገባሁ።»

«መኝታ ቤቱስ?»

«የተማሪ መኝታ አሳዩኝ ብላቸው የዘበኛውን አልጋ አሳዩኝ። ፍራሹ ጥሩ ነው።»

«አበባውስ?»

«አለ። የፕላስቲክ ነው፣ አቧራ ጠጥቷል። አንዲት አስተማሪ አግኝቻለሁ፤ ምስኪን፣ ደህና ታስተምራለች አሉ፣ አልዋሽባትም። መኝታ ግን የለም የኔ አበባ። ልጆቹ ከተማ ውስጥ ተከራይተው ነው። ሦስቱ እኔ ጋ ነው ቁርስ የሚበሉት። አንዷ ደንብ ልብስ፣ ፈተና፣ ልምምድ እያሉ ጨረሱኝ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ዋናውን ወረቀት በሻሼ ውስጥ ደብቄ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። ግቢው ጥላ መረብ ተወጥሮበት፣ የፕላስቲክ ወንበር ሞልቶበት፣ ያ ሁሉ አንገቴን ሲያይ የሰነበተ ሰው ተቀምጦበታል። አጎቴ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው። አባባ ሁመድ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሐዋን አጠገባቸው አስቀምጠዋል። ሦስት መቶው ኮፒ ለሁሉም ታድሏል፤ ሰው ሁሉ የእኔን ሥራ ማራገቢያ አድርጎት እያራገበ ነው። መጨረሻው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ ቃል መረጥኩ። ባለ ከረባቱ ሲጨርስ ቀስ ብዬ ወደ አባባ ሁመድ ጠጋ ብዬ በጆሯቸው ለመናገር ነበር ሐሳቤ። ዓይነ አፋር ሰው ዕቅዱ ሁሉ በጆሮ ነው።

ባለ ከረባቱ ግን አየኝ።

«ወላጆች! የምታምኗት እህታችን ራሷ መጥታለች!» ብሎ ማይክሮፎኑን ይዞ ወደ እኔ መጣ። «ብዙ መናገር አያስፈልግሽም። ኮሌጃችን ጥሩ ነው፤ አይደለም እህቴ?»

ግቢው በሙሉ አንገቴን አየ።

አንገቴ ተነሳ። መጀመሪያዋን ነቅነቅ ጀመረ። እንዴት እንዳሰብኩት አላውቅም፤ አገጬን በሁለት እጄ ይዤ አስቆምኩት። ጥርሱን ያመመው ሰው መስዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የራሴን ጭንቅላት እንደ እምቢተኛ በግ ጨምድጄ ቆምኩ።

«አልነቀንቅም» አልኩ።

ድምፄ እንኳን ለሰው ለማይክሮፎኑም አልደረሰም። ከጎኔ የተቀመጠ አንድ የሎጊያ ከባድ መኪና ሹፌር ግን ሰማኝ። ጉሮሮው እንደ መኪናው ጥሩምባ ነው። «አልነቀንቅም አለች!» ብሎ ጮኸ።

«ሰኞ ነቅንቄ ነበር። ግን ኮሌጁን አላየሁትም» አልኩ።

«አላየሁትም አለች!»

«ወረቀቱን ገልብጡት፤ ጀርባውን እዩት።»

«ጀርባውን ገልብጡ አለች!»

ሦስት መቶ ወረቀት አንድ ላይ ሲገለበጥ እንደ ንፋስ ድምፅ አለው። ሁሉም ጀርባውን አየ። ጀርባው ነጭ ነው። ባዶ! ፊቱን ብቻ ኮፒ ያደረግሁት እኔው ነኝ። ሰው መጀመሪያ ነጩን ወረቀት አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ሳቀ። የአፋምቦው ሰውዬ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ሁሉ አንስቶ ፈለገበት።

ባለ ከረባቱ ፈገግ አለ። «እህታችንን ሙቀቱ ነክቷት ነው። ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ስድስተኛ።»

«ስድስተኛ አለች!» አለ ሹፌሩ። እሱን እንኳን ባይደግመው ጥሩ ነበር።

አሁንም ሳቁ። እንደ ወትሮዬ ቢሆን መሬት እንድትሰነጠቅ እየለመንኩ እወጣ ነበር። የዚያን ቀን ግን ሐዋን አየኋት። ሁሉም ሲስቅ እሷ አልሳቀችም፤ ነገ የሚነሳውን አውቶቡስ የሚያክል ዓይን ይዛ እያየችኝ ነው። ተናደድኩ። በባለ ከረባቱ ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ ግን በዚህ አንገት ተናደድኩ። ወረቀቱን ከሻሼ ውስጥ ስቤ አወጣሁት።

«ስድስተኛ ክፍል ነኝ» አልኩ። «ስድስተኛ ክፍል ደግሞ ማንበብ ያስተምራሉ። ይሄ እርስዎ ማሽኑ ላይ የረሱት ዋናው ነው። ባዶውን ጀርባ ያባዛሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ላርመው።»

አነበብኩ። እየተንተባተብኩ፣ አንዳንዱን ቃል ሁለቴ እየጀመርኩ፣ ጉንዳኑን አንድ በአንድ እየለቀምኩ አነበብኩ። ሹፌሩ እያንዳንዱን መስመር ተቀብሎ ወደ ኋላ ጮኸበት። «ምግብና መኝታ በተማሪው» ላይ ስደርስ አንዲት እናት ማራገብ አቆመች። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይከፍላል» ላይ ስደርስ ሁሉም አቆሙ።

አባባ ሁመድ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ። ወደ እኔ መጥተው እጄን ያዙ፣ መንገድ ላይ ያገኙኝ ይመስል ከፊቴ መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። ዳጉ ነው።

«ምን አየሽ?»

«ይህን ወረቀት አየሁ። ያነበብኩት በላዩ ያለውን ብቻ ነው።»

«ምን ሰማሽ? ከማን?»

«ከአክስቴ። አዋሽ ነው የምትኖረው። መኝታ የለም አለችኝ።»

«እሷ አይታለች ወይስ ሰምታለች?»

«ዛሬ ገብታ አይታለች። የዘበኛውን አልጋ አሳይተዋታል። አስተማሪዋ ግን ጥሩ ናት አለች።»

«የዚያኛውስ ወረቀት ውል?»

«የሚከፈለው ተምራ ጨርሳ ሥራ ስትይዝ ነው፤ ከደሞዟ ይላል። ግመል አይልም፤ ሁለት ጊዜ ፈልጌአለሁ። ምግቧና መኝታዋ እዚያው ነው። የአውቶቡስ፣ የብርድ ልብስ፣ የደብተር ገንዘብ ግን ከእርስዎ ነው፤ ነፃ አይደለም። ሥራ ባትይዝስ ካሉኝ አላውቅም። አልተጻፈም።»

አላውቅም ስል ሽማግሌው ፊታቸው ፈካ። ከዚያ ወደ ባለ ከረባቱ ዞሩ። «አንተስ ልጄ? መኝታ ቤቱን አይተኸዋል?»

«አባት፣ ፎቶው ላይ…»

«ፎቶውን አላልኩም። አዋሽ ሄደህ፣ ገብተህ፣ አይተሃል?»

ሰውየው አጎቴን አየ። አጎቴ ጫማውን አየ። «እኔ የተላክሁት ከአዲስ አበባ ነው፤ እስካሁን አዋሽ ለመውረድ አልተመቸኝም» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከረባቱን እያላላ።

አባባ ሁመድ ተነስተው ሽርጣቸውን አራገፉ። እሳቸውን ተከትሎ የመጀመሪያው ረድፍ ተነሳ፣ ሁለተኛው ተነሳ። ማንም አልጮኸም፤ ወረቀታቸውን እያራገቡ ወጡ።

ያን ምሽት አጎቴ እናቴ ቤት ድረስ መጣ። «ልጅሽ ሺህ ኮፒ አባረረችብኝ!» አላት። እናቴ ሽንኩርት እየመረጠች ነበር። «ደጅ እስኪገባ ስንት ነው ብላ ጠየቀች፤ ምን አጠፋች?» አለችውና የበሰበሰውን ወደ አንድ ጎን ጣለች። ሐሙስ ረፋድ ላይ ደግሞ ባለ ከረባቱ ደወለ። ኮሌጁ በስም ማጥፋት ይከስሻል አለኝ። በስልክ አንገት እንደማይታይ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ እንዴት ያለ ነፃነት ነው! «ክሱን ይዘው ይምጡ» አልኩት። «ከተማው ውስጥ የክስ ወረቀት ኮፒ የሚደረገው እኛ ጋ ነው። ግን ዘንድሮ ፊቱን ብቻ አንሠራም።» እስከ ዛሬ አልመጣም።

አጎቴም ቢሆን ኩርፊያው ሁለት ቀን አልቆየም። የሚመጣው ሰው ሁሉ «ሁለቱንም ገጽ» ማለት ጀመረ፤ ሁለት ገጽ ደግሞ ሁለት ዋጋ ነው። ደስታው ሲበዛ «ጀርባው ያልተነበበ ወረቀት አናባዛም» የሚል ማስታወቂያ ጽፎ እንዳርመው ሰጠኝ። ሁለት ጊዜ አረምኩት። የመጀመሪያው እርማት አስፈላጊ ነበር፤ ሁለተኛው ለመበቀል ነው።

ከዚያች ሐሙስ ጠዋት ግን አንድ ነገር ዘልያለሁ። ሱቁን ከፍቼ ስጠርግ አባባ ሁመድ ከመናኸሪያው በኩል ብቻቸውን መጡ። ደጃፉ ላይ ተቀመጡና፣ ሳልጠይቃቸው፣ ያዩትን ነገሩኝ። አውቶቡሱ ተነስቷል። ሐዋ መስኮት በኩል ተቀምጣለች። ብርድ ልብስ ገዝተውላት በዚህ ሙቀት አቅፋው ላብ አጥምቋታል። አላለቀሰችም፤ እሳቸው አልቅሰዋል፣ ግን እሷ እንዳላየች እርግጠኛ ናቸው። ግመሏ በረት ናት።

ከዚያ ዱላቸውን አንስተው ሊሄዱ ሲሉ ዞር አሉ። «ልጄ፣ ሌሎች ወላጆችም ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ታነቢላቸዋለሽ?»

ነቀነቅሁ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ዱላቸውን ወደ እኔ ቀስረው እንዲህ አሉኝ፦

«አንገት መነቅነቅ የግመል ነው። አንቺ አፍ አለሽ።»